የመስኮት ሦስት ናሙና

ደብዳቤው የደረሰው ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ከቁርስ በፊት ነው። በ2083 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ደብዳቤ የሚመጣው በግድግዳ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግና ባለቤቱ ተነሥቶ እስኪቆም ይጠብቃል። ተቀምጦ ማንበብ አይቻልም፤ መንግሥት የላከውን ነገር ሰው ቆሞ ማንበብ አለበት ብሎ የወሰነ አንድ የተባረከ ኮሚቴ ነበረና። ማራማዊት ቆመች። ባሏ ያፌትም ሸሚዙን እንደከፈተ ከጎኗ ቆመ።

"የተከበሩ የማስኬጃ 11 ተጠቃሚ" ይላል ደብዳቤው። "በደረትዎ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ልብ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ማስኬጃ 11፣ የድጋፍ ዘመኑ ጳጉሜ 5 ቀን ያበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚፈጠር ማናቸውም ችግር ባለሥልጣኑ ኃላፊነት እንደማይወስድ በደስታ ይገልጻል።"

"በደስታ" የሚለውን ማራማዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስህተት አልነበረም። የማስኬጃ ጉዳዮች ባለሥልጣን ማንኛውንም ነገር የሚገልጸው በደስታ ነው። ኃላፊነት አልወስድም ማለቱም አላስገረማት፤ ከዚያ በፊት የወሰደውን ኃላፊነት የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይንገራት።

"ምን ይላል?" አለ ያፌት። መነጽሩን አላደረገም።

"አርጅተሃል ይላል።"

"እሱንማ አንቺም ትይኛለሽ።"

ያፌት ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ልቡ የተተከለለት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ነው። በራሱ ገንዘብ ልብ ያስተከለ ሰው ልቡ እንደፈለገው ይመታል። መንግሥት የሰጠው ልብ ግን በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለመምታት ፈቃድ ይጠይቃል። ያፌት ሸሚዙን ከፍቶ ግድግዳው ፊት ይቆማል፤ ጥያቄው ይሄዳል፤ ከባለሥልጣኑ የፈቃድ ወረቀት ምስል ይመጣል፤ ልቡ በወረቀቱ ግርጌ ያለችውን ክብ ሐምራዊ ማኅተም ይመረምርና ካመነባት እስከ ነገ ጠዋት ሥራውን ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ሴኮንድ ይፈጃል። በዓል ሲሆን መስመሩ ስለሚጨናነቅ አንድ ደቂቃ ሙሉ የቆመበትም ቀን አለ። ማራማዊት በዚያች ሰዓት አልጋ ታነጥፋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ እያነጠፈች ሳይሆን አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ እንደምትጠብቅ ያፌት አያውቅም።

ድጋፍ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን የከተማው ሰው በማስኬጃ 10 አይቶታል። 10 በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ቀዳዳ አገኘበትና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ልብ አቆመ። ለምን እንዳቆመም አልተናገረም። ቀዳዳውን መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ግን ድጋፍ ያበቃለትን ነገር መድፈን በመመሪያ የተከለከለ ነው። ባለሥልጣኑ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ፣ ድጋፍ በሌለው ማስኬጃ ላይ የደረሰ ነገር አደጋ ተብሎ እንደማይመዘገብ አስረዳ። በዓመቱ መጨረሻም በከተማዋ ምንም አደጋ አለመድረሱን ሪፖርት አደረገ።

አሁን ተራው የ11 ሰዎች ነው፤ አራት ሺህ ያህል ይሆናሉ። ልባቸውን ወደ ማስኬጃ 14 ማሸጋገር የቻሉ ያሸጋግራሉ። ያልቻለ ሰው የአደጋ መቀበያ ቅጽ ይሞላል፤ ቢሞት የሚጠየቀው ራሱ መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ ቤቱ ይቀመጣል። ይህ ያስፈራው ደግሞ ወደ ጥበቃ መንደር ይገባል።

ጥበቃ መንደር ከከተማው ወጣ ብሎ የታጠረ ግቢ ነው። ሽቦ አይገባበትም፣ ሞገድ አይገባበትም፤ ምንም ስለማይገባበት ክፉ ሰውም አይገባበትም ነው ነገሩ። የጠዋቱን ፈቃድ ዘበኛ በወረቀት ያድላል። ፊት ለፊታቸው ካለው ቤት አቶ ባሮክ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው፤ ልቡ 11ን አልሸከምም ስላለ 10 ሲዘጋ እዚያ ገባ። ሚስቱ በወር አንድ ጊዜ በመስታወት በኩል ታየዋለች። መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ ጆሮዋ ውስጥ ያለው መስሚያ አዲስ ስለሆነ አንዳች ነገር ይዞ ሊገባ ይችላል ተብሎ። መጀመሪያ ላይ በወረቀት እየጻፉ ይተያዩ ነበር። አሁን አሁን አቶ ባሮክ ወደ መስታወቱ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል። ባለሥልጣኑ ግቢውን ለውጭ አገር እንግዶች ያስጎበኛል።

"እኔ መንደር አልገባም" አለ ያፌት ሸሚዙን እየቆለፈ። "ቅጹን ፈርሜ እዚሁ ከአልጋዬ ላይ እሞታለሁ።"

"ማንም አይሞትም። ሄጄ ጉዳዩን ጨርሼ እመጣለሁ።"

ይህን ስትል እርግጠኛ ነበረች። ማራማዊት ሠላሳ ዓመት በማዕከላዊ መዝገብ ቤት የማኅተም መርማሪ ሆና የሠራች ሴት ናት። ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅና እንዴት እንደማያልቅ ከማንም በላይ ታውቃለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሐሰተኛ ማኅተም በእጇ አላለፈም፤ አለቃዋ በመሸኛዋ ዕለት ባደረገው ንግግር ይህንኑ መስክሮላታል። ለሚያጭበረብር ሰው፣ ለሚለማመጥ ሰው፣ "እባክሽ እህቴ" ለሚል ሰው ያላት ንቀት በስልሳ አራት ዓመቷም ከሰውነቷ አልወጣም።

በባለሥልጣኑ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሽግግር ክፍል ባለሙያው ብርቱካን ይልጣል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ደልዳላ ሰው ነው። የያፌትን ልብ ቁጥር በአንድ ጣቱ አስገባና ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው እንዲወጣለት የፈለገ ይመስላል።

"ልቡ 14 ላይ ይሠራል" አለ። "15 ላይም ይሠራል። ጥሩ ልብ ነው። የደም መለኪያውም ይሠራል፣ የምት መቆጣጠሪያውም ችግር የለበትም።"

"ታዲያ አሸጋግረዋ።"

"አይቻልም።"

"ለምን?"

"ማኅተሚት አትሠራማ።"

ማኅተሚት የቢሮ ሰዎች ያወጡላት ስም ነው። አንዲት ሚጢጢ ፕሮግራም ናት። በየማለዳው የሚላከውን ማኅተም የምትስለውም፣ በየልቡ ውስጥ ተቀምጣ ማኅተሙ የእውነት መሆኑን የምታረጋግጠውም እሷ ናት። ከ11 ወዲያ አትሄድም። 14 ላይ ስትነሣ የምትስለው ማኅተም ከጸደቀው ናሙና በትንሹ ይለያል፤ ስለዚህ ልቡ አላውቅህም ይላል። አላውቅህም ያለ ልብ ይቆማል። አራት ሺህ ደህና ልብ፣ አንዲት የማኅተም ሥዕል መሻገር ስላቃታት፣ ባለበት ተገትሮ ቀርቷል።

"ታዲያ እሷን አስተካክሏታ" አለች ማራማዊት።

"የማናት ብለን? ባለቤት የላትም። የጻፋት ሰው ጡረታ ወጥቷል። ኮሚቴ ግን ተቋቁሟል።"

"መቼ?"

"ዘጠኝ ዓመቱ ነው።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ኖረ?"

"ይሰበሰባል" አለ ሰውየው ብርቱካኑን ለሁለት እየከፈለ። "እናት፣ አይጨነቁ። መንደሩ ጥሩ ነው። የአትክልት ቦታም አለው።"

እሷ በመስኮቷ ሰው ስትመልስ ቢያንስ ፍራፍሬ አትበላም ነበር። ዓይኗ ግን ሰውየው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ቀናው አድርጎ ያነባል። የማኅተሚት ጸሐፊ ስም እዮሲያስ ይላል፣ ሰሚት፣ ሕንፃ አርባ ሁለት፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ። አመስግና ወጣች።

ሕንፃ አርባ ሁለት ሊፍት አለው፤ ግን የሊፍቱም ድጋፍ አብቅቷልና በሩ ላይ "በራስዎ ኃላፊነት" የሚል ተለጥፏል። ማራማዊት በራሷ ኃላፊነት ደረጃውን መረጠች። አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ስትደርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። ጋሽ እዮሲያስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲያዩ ደስ የሚላቸው ዓይነት አይደሉም።

"ከኮሚቴው ነሽ?" አሉ።

"አይደለሁም። ባለቤቴ የ11 ሰው ነው።"

"እንግዲያው ተቀመጪ።"

ተቀምጣ የመጣችበትን ነገረቻቸው። ማኅተሚትን አስተካክለው ወደ 14 የሚያሻግሩበት መላ ካለ ልትለምናቸው መምጣቷን ተናገረች። በሕይወቷ ሰው ለምና ስለማታውቅ ቃሉ አፏ ውስጥ ተንከራተተ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጎመናቸውን አላቆሙም።

"ያስተካከልኳትማ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"የአንድ ሳምንት ሥራ ነበረች። 14 ላይ ትሠራለች። ገና ያልወጣው 16 ላይም ትሠራለች። ለኮሚቴው ላክሁላቸው፤ መለሱት።"

"ምን ጎደላት ብለው?"

"ምንም አልጎደላትም። የምትስለው ማኅተም ንጹህ ስለሆነ ነው።" ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። "ይኸውልሽ፣ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ሲቀጥሩኝ መጀመሪያ የሠራሁት ማኅተም እንከን የለሽ ነበር። ክቡ ክብ ነው፣ ፊደሉ ጥርት ያለ። የመጀመሪያውን ወረቀት አትሜ መዝገብ ቤት ወሰድኩ፣ መስኮት ሦስት። አንዲት ሴት ነበረች። ወረቀቱን ገለባበጠችው፣ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ ከዚያ 'በጣም ንጹህ ነው፤ ሰው የመታው አይመስልም' ብላ ወረወረችልኝ። ፎርጅድ ነው ማለቷ ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው ያሠራኝ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰባት ጊዜ መለሰችኝ።"

ማራማዊት ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አወረደች።

"በስምንተኛው ብሽቅ አልኩ። ማኅተሙን አጋደልኩት። በቀኝ በኩል ቀለሙን አደበዘዝኩት፣ በግራ በኩል አጨማለቅሁት። ከዳር ያለውን አንድ ፊደል ግማሹን በላሁት። ያን ጊዜ ማስኬጃው ቁጥር ሲያጠጋጋ የሚሳሳታት አንዲት ስህተት ነበረችው፤ ቀለሙን የማጨማልቀው በእሷ ነበር። ስህተቷ እስከ 11 ድረስ አብራ ኖረች። በ12 አረሟት። ለዚህ ነው ማኅተሚት የማትሻገረው። የተጨማለቀውን ወስጄ ብሰጣት ሴትዮዋ ፊቷ በራ። 'ይኸው፣ ከመጀመሪያው እንዲህ አታመጣም ነበር?' አለችኝ። ናሙናው ጀርባ ላይም ፈረመች። እሱ ነው እስከ ዛሬ የአገሩ ደረጃ ሆኖ የቀረው።"

ሰውየውን አላስታወሰቻቸውም፤ በመስኮት ሦስት ያለፈው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ንግግሩን ግን አስታወሰችው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትለው ነበር። ትወደውም ነበር፤ ሁለት አዲስ ሠራተኞችን ይህንኑ አስተምራለች። እዚያች በረንዳ ላይ፣ የጎመኑ ቅጠል እግሯ ሥር ተበትኖ፣ ኀፍረት ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ ሲያቃጥላት ተሰማት።

"ያቺ ሴት እኔ ነኝ" አለች።

ጋሽ እዮሲያስ ረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

"ወፍረሻል" አሉ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ብል..."

"ለኔ ምን ይሠራልኛል? ተነሺና ያንን መሳቢያ ክፈቺ።"

መሳቢያው ውስጥ የኮሚቴው መልስ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ። ናሙናውን ያጸደቀችው መርማሪ በአካል ቀርባ ፊርማዋን ካላነሣች በቀር ናሙናው እንደማይለወጥ ይገልጻል። ቀጥሎም "መርማሪዋ በሕይወት እንደሌለች ስለሚገመት ጉዳዩ በእንጥልጥል እንዲቆይ ተወስኗል" ይላል። ማራማዊት ይህን ደጋግማ አነበበች። በየዓመቱ ልደቷን በግድግዳዋ ላይ በአበባ ሥዕል የሚያከብርላት ያው ባለሥልጣን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው በሯን አንኳኩቶ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ማመልከቻ ያለ ማኅተም ስለማይገባ፣ ፊርማዋን የምታነሣበትን ወረቀት ጋሽ እዮሲያስ በራሳቸው ማተሚያ አዘጋጁላት። ማኅተሙን የመቱት በአዲሷ ማኅተሚት ነው። "ይዩዋት" አሉ። "ምን እንደመለሱ ይዩ።"

ኮሚቴው አዲስ አበባ ውስጥ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶለት አያውቅም። ሐይቅ ዳር ሲጠራ ግን ሁሉም ይመጣል። አርባ አንደኛው መደበኛ ስብሰባ ጳጉሜ 2 ቀን ላንጋኖ ተጠራ፤ 11 ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው። ማራማዊት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ያፌትን ስትሰናበተው እሱ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር። ያሉትን እስክሪብቶዎች በሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታቸው እንደወጣች አልነገረችውም።

አሥራ አንዱ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ከበው ዓሣ ይበላሉ። ሰብሳቢው ክቡር ዶክተር ኢንጂነር ናኦድ ይባላሉ፤ ከሦስቱ ማዕረግ አንዱን የረሳ ሰው ንግግሩን እንደገና እንዲጀምር ይደረጋል። ማራማዊት ማን እንደሆነች ስትናገር አንዱ አባል እጁን አወጣ።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" አለ። "ቃለ ጉባኤያችን በሕይወት የለችም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሕይወት መኖሯ መጽደቅ አለበት።"

ተወያዩበት። ማራማዊት ቆማ ጠበቀች። በዘጠኝ ድጋፍ፣ በሁለት ድምፀ ተዓቅቦ በሕይወት መኖሯ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት አንዷ፣ መረጃው በቂ ሆኖ እንዳላገኘችው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላት ጠየቀች።

"እሺ እናት፣ ይናገሩ" አሉ ሰብሳቢው።

"ፊርማዬን ላነሣ ነው የመጣሁት። ንጹህ ማኅተም ሐሰተኛ ነው ማለቴ ስህተት ነበር።"

"እንዲህ ከሆነ" አለ አንዱ አጥንት ከአፉ እያወጣ፣ "ያን ጊዜ የመለሷቸው ሰዎች ወረቀት ትክክል ነበር ማለትዎ ነው?"

ይህን ጥያቄ አውቶቡስ ውስጥ ለራሷ ጠይቃው ነበር፤ መልሱንም እዚያው አግኝታዋለች።

"ትክክል ነበር። አዲስ ማኅተም የተቀረጸላቸው ወረዳዎች ሰዎች ሲመጡ ማኅተማቸው ንጹህ ይሆናል፤ አዲስ ነዋ። እኔ መለስኳቸው። ከሩቅ የመጡ ነበሩ። አንዲት ሴት ለልጇ ሕክምና ወረቀት ይዛ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ሁለቴም መለስኳት። በሦስተኛው ስትመጣ ልጁ ሞቷል። ያን ቀንም መለስኳት፤ ለሟች ሌላ ቅጽ ነው ብዬ። አልተቆጣችም፤ እሺ ብላ ሄደች። እኔም ቀጥሎ ያለውን ጠራሁ። ጎበዝ ነሽ ሲሉኝ ኖሩ፣ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ኖርኩ።"

ስለ ራሷ የምታወራበት ቃና ስለ ሌባ የምታወራ ይመስል ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው ሎሚ እንዲያቀብለው ለጎረቤቱ ምልክት ሰጠ።

"እናመሰግናለን፤ በጣም ልብ የሚነካ ነው" አሉ ክቡር ዶክተር ኢንጂነር ናኦድ። ማመልከቻውን ተቀብለው ግርጌውን አዩ። ገለባበጡት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። "ግን ይህ ማኅተም..."

"ምን ሆነ?"

"በጣም ንጹህ ነው። ሰው የመታው አይመስልም።"

ማራማዊት ወንበሩን ደገፍ አለች።

"ክቡር ዶክተር ኢንጂነር፣ እኔ የመጣሁት እኮ ንጹህ ማኅተም ትክክል ነው ለማለት ነው።"

"ገብቶኛል። ግን እሱ ገና አልጸደቀም። እስኪጸድቅ ድረስ ንጹህ ማኅተም ያለበትን ማመልከቻ መቀበል አንችልም። በደንቡ አስተካክለው ያምጡት። የሚቀጥለው ስብሰባችን ኅዳር ላይ ነው።"

ሰውየው እያላገጡ አልነበረም። ፊታቸውን በደንብ አየችው፤ ከልባቸው ነው የሚያወሩት። ኅዳር ከማለቁ በፊት ያፌት ወይ መስታወት ጀርባ ይቀመጣል፣ ወይ ማንም የማያውቀው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያቆመዋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዓሣ ይበላሉ። በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች፤ እንዲህ አድርጋ ግን ማንንም ንቃ አታውቅም።

ወረቀቱን ከእጃቸው ላይ ወሰደች። አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አራሰችና ማኅተሙ ላይ አሳርፋ ወደ ቀኝ ሳበችው። ሐምራዊው ቀለም ተጨማልቆ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ሄደ። መልሳ ሰጠቻቸው።

"አሁንስ?"

ሰብሳቢው እንደገና ወደ ብርሃኑ አነሡት። ለቀጣዩ አቀበሉት፣ እሱም ለቀጣይዋ። አሥራ አንዱም እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሕይወት መኖሯን የተጠራጠረችው ሴትዮ ሳትቀር።

"ይኸው" አሉ ሰብሳቢው ፊታቸው ፈክቶ። "ከመጀመሪያው እንዲህ አያመጡትም ነበር?"

ዘጠኝ ዓመት የተንጠለጠለው ጉዳይ በአራት ደቂቃ አለቀ። የፊርማዋ መነሣት ተቀባይነት አገኘ፤ የድሮው ናሙናም ተሻረ። አዲስ ናሙና ደግሞ ያስፈልግ ስለነበር፣ አሥራ አንዱ አባላት በአንድ ድምፅ የተስማሙበት ብቸኛ ማኅተም ያ ፊታቸው ያለው ስለሆነ፣ እሱኑ አጸደቁት። ከነጣቷ ምልክት።

ጋሽ እዮሲያስ ዜናውን ሲሰሙ ጎመናቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነሡ ሠርተው የማራማዊትን አውራ ጣት ጭምልቅልቅ ከነመስመሩ ማኅተሚት ውስጥ አስገቡት። ያፌት ጳጉሜ 4 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ 14 ተሸጋገረ። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን ከፍቶ ግድግዳው ፊት ቆመ፤ ወረቀቱ መጣ፤ ልቡ የሚስቱን ጣት አየና አመነ። አራት ሺህ ያህሉም እንዲሁ አመኑ። ማራማዊት በዚያች ሰዓት መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ኮሚቴው ግን ካለፈው ስህተቱ ተምሮ ነበር። መርማሪ ጠፍታ ዘጠኝ ዓመት መንገላታቱን በማስታወስ፣ በአዲሱ መመሪያ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ። ናሙናው የሰው እጅ ምልክት ስላለበት፣ የእጁ ባለቤት በየዓመቱ መስከረም ላይ በአካል ቀርባ ጣቷን ታረጋግጣለች። ጣቷ ቆስሎ፣ ተቃጥሎ ወይም ተልጦ ከተገኘ፣ ወይም ባለቤቷ ራሷ ያልቀረበች እንደሆነ ናሙናው ይሻራል፤ ልቦቹም ሌላ ናሙና እስኪጸድቅ ይጠብቃሉ። ልብ እንዴት እንደሚጠብቅ መመሪያው አይዘረዝርም።

ያፌት ይህን ስትነግረው ብዙም አልደነገጠም።

"ምን ችግር አለው?" አለ። "መች ካንቺ ኋላ መቅረት ፈለግሁ?"

"ካንተ ኋላ አራት ሺህ ሰው አለ።"

ወሬው ከጥቅምት በፊት ከተማውን አዳረሰ። ሚስቶች መምጣት ጀመሩ፣ ባሎችም፣ የጎልማሳ ልጅ እናቶችም። በሩን አንኳኩተው ይገባሉ፤ ፊቷን ሳያዩ በፊት ቀኝ እጇን ያያሉ። ሽንኩርት እንዳትከትፍ ይከትፉላታል፤ ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ ወስደውባታል። እሳት አታነድም፣ ልብስ አታጥብም። የሚያመጡላት ጓንት መሳቢያ ሞልቷል፤ የሱፍ ነው፣ የቆዳ ነው፣ አንዱ በእጅ የተጠለፈ ነው። አንዲት ሴት ከጅማ ድረስ ቅባት ይዛላት መጥታ ጣቷን በገዛ እጇ ቀባቻት፤ ስትቀባ እንደ ሕፃን ጣት በቀስታ ነው።

ማንም አይቆጣትም፣ ማንም አይለማመጣትም። ሁሉም ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ዕድሜዋን። ስልሳ አራት ነኝ ትላቸዋለች። በሆዳቸው ይቆጥራሉ፤ የባላቸውን፣ የሚስታቸውን ወይም የልጃቸውን ዕድሜ ከእሷ ዕድሜ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ቆጥረው ሲጨርሱም ጓንቱን በሁለት እጃቸው ያጠልቁላታል።